ማንም ያልላከው አንባቢ

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት እናቴ «ቧንቧ መሸጫ ነው የምትውለው» ብላ ትገላገላለች። ውሸት አይደለም። የምውለው ቧንቧ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የሽንት ቤት መቀመጫና ስማቸውን እስካሁን የማምታታቸው ብረታ ብረቶች በሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ነው። ግን እኔ ቧንቧ አልሸጥም። የሱቁን ብሎግ ነው የምጽፈው። ይህንን ለእናቴ ስንት ጊዜ እንዳስረዳኋት እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። «እሺ ገባኝ፣ በስልክ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። እና ማነው የሚያነበው?» ትለኛለች። እዚህች ጥያቄ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ደሜ ይፈላል። መልሱን ባውቀው ኖሮ አይፈላም ነበር።

ከዚህ በፊት አንድ የመድን ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። አጎቴ ነው ያስገባኝ። ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ መስኮት፣ የሚሽከረከር ወንበርና የወረቀት ክምር ነበረኝ። ወረቀቱን ከግራ አንስቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ ወደ ቀኝ አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን ማኅተሙን ቁጭ አደረግኩና «እኔ መጻፍ ነው የምፈልገው» ብዬ ወጣሁ። እናቴ ከእኔ ይልቅ ለዚያ ወንበር ታዝናለች። አጎቴ ደግሞ ደግ ሰው ስለሆነ እስካሁን ሌላ ሰው አላስቀመጠበትም፤ «ሲሰለቻት ትመለሳለች» እያለ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ተመልሼ እዚያ ወንበር ላይ ከምቀመጥ ዕድሜ ልኬን ቆሜ ብቀር ይሻለኛል ብዬ ምያለሁ።

የሱቁን ባለቤት ሚኒስትሩ ይሉታል። ቧንቧ ለመሸጥ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ስለሚለብስ ሠፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ሲጠሩት ይሰማል፤ ደስም ይለዋል። ችኩል ነው። ሰው ሲያወራ ከአፉ ነጥቆ ይጨርስለታል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በስህተት ነው የሚጨርሰው። ብሎግ ይኑረን ያለው እሱ ነው፤ ማዶ ያለው ሱቅ ስላለው ቀንቶ። ምን ይጻፍበት የሚለውን ግን ለእኔ ተወው።

እኔም ጻፍኩ። የመጀመሪያው ጽሑፌ «ውሃና የሰው ልጅ ሥልጣኔ» ይላል። ሁለተኛው «መታጠቢያ ቤት፦ የዘመናዊነት መስታወት» ነበር። የሦስተኛውን ርዕስ አልናገርም፤ መጨረሻውን ስጽፍ ግን እኔው ራሴ ዕንባዬ መጥቷል። ድረ ገጹ ላይ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚቆጥር ቦታ አለ። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ኋላ ሲጣራ አብዛኛውን ጊዜ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ከቤት ሆኜ ጽሑፌን ላደንቅ።

ሰኞ ጠዋት ሚኒስትሩ ጠራኝ።

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ ሦስቱንም አነበብኳቸው። ቆንጆ ናቸው። ግን አንብቤ ስጨርስ ቧንቧ መግዛት አላማረኝም። ቧንቧ ሻጩ እኔ ሆኜ!»

«ጋሼ፣ ብሎግ አንባቢ እስኪያገኝ ድረስ ትንሽ...»

«ማስታወቂያ ይፈልጋል ልትዪ ነው።»

«ትዕግሥት ይፈልጋል ልል ነበር።»

«እሱስ የለኝም። እንግዲህ እስከ ቅዳሜ፣ ይህ በር እስኪዘጋ ድረስ፣ አንድ ሰው ገብቶ ‹ጽሑፋችሁን አንብቤ ነው የመጣሁት› ይበለኝ። አንድ ብቻ! ካለኝ ትቀጥያለሽ። ካላለኝ ብሎጉን እዘጋዋለሁ፤ አንቺም ወደሚሻልሽ።» ከዚያ ጣቱን ቀሰረ። «ደግሞ ሰው ልከሽ እንዳትሸውጂኝ! ማንም ያልላከው አንባቢ ነው የምፈልገው።»

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለቤተሰቡ ተናገርኩ። ቤተሰቡ ማለት እናቴ፣ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ልብስ የምትሰፋው አክስቴና ታክሲ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ናቸው። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እስከ ቅዳሜ?»

«እስከ ቅዳሜ።»

«እሰይ! ሰኞ ቢሮ ትገቢያለሽ። አሁኑኑ ለአጎትሽ እደውላለሁ።» ደወለችም። እኔ እያለሁ፣ እየሰማሁ፣ ስለ ወንበሩ ተነጋገሩ። አክስቴና ወንድሜ ተያዩ። ያን ጊዜ ነቅቼ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ያ ሁሉ ጉድ አይፈላም ነበር። ግን ተናድጄ ነበርና ልብ አላልኳቸውም።

ማክሰኞ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ቁጭ ብዬ ስለ ውሃ አሰብኩ። ስለ ባሕር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ደመና አሰብኩ። አንድም ነገር አልመጣልኝም። በመጨረሻ ደመናውን ትቼ ወደ ፊት፣ ሰው ወዳለበት ወጣሁ። ሱቁ ውስጥ ትርፍ ወንበር ስለሌለ ለሽያጭ የቀረበ የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ ክዳኑን ከድኜ ተቀመጥኩ። ሚኒስትሩ ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ገዢ ነበረበትና ዝም አለኝ። እዚያው ውዬ ሰው የሚያወራውን ሰማሁ።

እስከ ምሳ ድረስ ስለ ሥልጣኔ የጠየቀ የለም። አንዲት ነርስ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ «እስከ መጨረሻው ነው የምዘጋው፤ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ከሥራ ገብቼ ልተኛ ስል ጭንቅላቴ ላይ የሚንጠባጠብ ነው የሚመስለኝ» አለች። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያንኑ አለ። ከሱ ኋላ የመጡት ሽማግሌ ከሥር ባልዲ እንዳስቀመጡና ባልዲውን ማፍሰስ እንደሰለቻቸው ተናገሩ። «አንዳንዴማ» አሉ፣ «ባልዲው ሳይሆን እኔ የሞላሁ ይመስለኛል።» ሚኒስትሩ ለሁሉም የሚሰጣቸው አንድ ነገር ነው፤ ጣት የማታስገባ ትንሽ የጎማ ቀለበት። ቧንቧው ውስጥ ያለችው አርጅታ ነው የሚንጠባጠበው፤ ትቀየራለች፣ ያልቃል። አብዛኞቹ ግን ቀለበቷን ገዝተው በር ላይ ይቆሙና «እና አሁን ምን አደርጋታለሁ?» ብለው ይመለሳሉ። ሚኒስትሩ እየቸኮለ ያስረዳቸዋል፤ እነሱም ሳይገባቸው ገብቶናል ብለው ይሄዳሉ።

ያን ጊዜ ነው ያበራልኝ። ሦስት ጽሑፍ ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ስመልስ ነበር የከረምኩት! ሰው ቤቱ ሆኖ ስልኩን ሲያወጣ ምን ብሎ ይጽፋል? በአፉ እንደሚለው ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ርዕሱን ከነርሷ አፍ ወሰድኩት፦ «ቧንቧዬን ዘግቼው ለምን ጠብ ጠብ ይላል?» በጽሑፌ ርዕስ ሳላፍር የቀረሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወደ መጻፍ አልሮጥኩም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሌ መጀመሪያ መጻፍ፣ ኋላ ማሰብ ነበር ልማዴ። ባዶው ገጽ አናት ላይ «ይህን የሚያነበው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሚኒስትሩ በትከሻዬ አሻግሮ አየና «ሕዝቡ ነዋ!» አለ።

«ሕዝብ ቧንቧ አይፈታም፣ ጋሼ። የሚፈታው አንድ ሰው ነው። አንድ እጁ ስልክ ይዟል፣ አንድ እጁ መፍቻ። የቃላት ውበት ሊያደንቅ አይደለም የመጣው። ተናዷል፤ ደግሞም ፈርቷል።»

«ምን ያስፈራዋል?»

«ያባሰው እንደሆነስ?»

ሚኒስትሩ ሊመልስልኝ አፉን ከፍቶ ዘጋው። የሰውን ሐሳብ ሳይጨርስ ሲቀር ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ያን ሰው እያሰብኩ አቀድኩ። አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው፤ ዐረፍተ ነገሩ ይጠር። ዓይኑ ቧንቧው ላይ ነው፤ በየደረጃው ፎቶ ይኑር። መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ይነገሩት፤ መሃል ላይ ደርሶ መፍቻ ፍለጋ እንዳይሮጥ። የማያውቀው ስም እንዳያደናግረው «ይህችን ክብ ነገር» ብዬ በፎቶ ላሳየው። ሚኒስትሩ መደርደሪያው ላይ ለናሙና ከተሰቀሉት ቧንቧዎች አንዱን አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስሮ ቀስ እያለ ይፈታው ጀመር። እኔም በየመፍቻው ዙር ፎቶ አነሳሁ። እዚህ ላይ ተጣላን፤ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ፊቱ ይግባ አለ።

«ሰው የሚያምነው ፊት ሲያይ ነው!» አለ።

«ቧንቧው ነው መታየት ያለበት።»

«የኔ ፊት ቧንቧውን አይጋርድም!»

«ክራባትዎ ጋርዶታል። ይኸው ይዩት።»

በስንት ጭቅጭቅ፣ አንድ ፎቶ፣ ከሁሉም በታች፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይቁም ብለን ታረቅን። ቢሆንም ሦስት ፎቶ ላይ የክራባቱ ጫፍ ሹልክ ብሎ ገብቷል። ሆን ብሎ ነው፤ መማል አልችልም እንጂ።

ረቡዕ ማታ ረቂቁን ለወንድሜ አነበብኩለት። ቤታችን በር ላይ ታክሲው ውስጥ ተቀምጠን ነው። እሱን የመረጥኩት ስለሚወደኝ አይደለም፤ መንገድ ሲጨናነቅ የሚነጫነጭ፣ ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው ስለሆነ ነው። ስለ ውሃ ዘላለማዊ ጉዞ የሚተርከውን መግቢያ አንብቤ ሳልጨርስ፣

«የት ነው የሚጀምረው?» አለኝ።

«ጀምሬያለሁ እኮ።»

«ቧንቧው የታለ?»

«ይመጣል።»

«እስኪመጣ ወርጄ ልመለስ?»

ልመታው ነበር። ግን አንዱን አንቀጽ ዘለልኩለት፣ ቀጣዩንም ዘለልኩለት፣ «መጀመሪያ መፍቻ ያዙ» የሚለው ላይ ስደርስ ወደኔ ዞረና «በይ እሺ» አለ። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ በላይ የነበረውን ሁሉ ጥርሴን ነክሼ አጠፋሁት። ውስጡ ስለ ዝናብ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ እስካሁን ትናፍቀኛለች። ሐሙስ ጠዋት ጽሑፉን ለቀቅኩት። ዓርብ ማንም አልመጣም።

ቅዳሜ ሱቁ ገና እንደተከፈተ አንድ ወጣት ገባ። ሚኒስትሩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና ትንፋሽ ሳይወስድ «ጽሑፋችሁን አንብቤ ነው የመጣሁት» አለ። ልቤ ዘለለች። ሚኒስትሩ ክራባቱን አስተካከለ።

«እሰይ! ምን ይላል ጽሑፉ?»

ወጣቱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ውሃ... ውሃ ሕይወት ነው ይላል።»

«ሌላስ?»

«እንዳይባክን ይላል።»

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ሲምል፣ ውጪ ከቆመ ታክሲ ውስጥ ወንድሜ አንገቱን አውጥቶ «ጨረስክ ወይ? ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከሱ ቀጥላ አንዲት ዘናጭ ሴትዮ መጣች። ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ ያልተሰፋ ቀሚስ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ መርፌ እንደተሰካ። የማን ደንበኛ እንደሆነች ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ጽሑፋችሁ እንዴት ልብ ይነካል!» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «በተለይ መጨረሻው አስለቀሰኝ።»

«መጨረሻው ላይ ያለው የኔ ፎቶ ነው» አለ ሚኒስትሩ።

ከዚያ በኋላ ሚኒስትሩ ማንንም ማመን ተወ። የመታጠቢያ ገንዳ መክደኛ ሊገዛ የመጣን ምስኪን ሰው «አንተንስ ማን ላከህ?» ብሎ አፋጠጠው። ሰውዬው ደንግጦ «ሚስቴ» አለ። «ሚስትህንስ ማን ላካት?» አለው። ሰውዬው መክደኛውን አቅፎ፣ ዞር እያለ እያየን ወጣ። ቀትር ላይ ደግሞ አክስቴ ራሷ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ድምጿን አወፍራ ገባች። ከሩቅ እንደመጣች፣ ማንንም እንደማታውቅ፣ ብሎጉ ግን አገር ምድሩን እንዳነጋገረ ተናገረች። ጥሩ ይዛው ነበር። ብቻ ልትወጣ ስትል ወደኔ ዞራ «ምሳ በልተሻል፣ የኔ ልጅ?» አለችኝ።

«ይህ ቤተሰብ ነው ወይስ የምርጫ ቅስቀሳ?» ብሎ ሚኒስትሩ ጠረጴዛውን መታው። «አላልኩሽም? ሰው ልከሽ እንዳትሸውጂኝ አላልኩሽም?»

«እኔ አልላክኋቸውም! በእናቴ!»

አመነኝ መሰለኝ፤ ፊቴ ላይ ያየው ነገር ሐሰት አይመስልም። በጣም ተናደድኩባቸው። ደግሞም አንጀቴን በሉት። ወንድሜና አክስቴ ከእኔ ተደብቀው፣ እኔን ለማትረፍ ዓይናቸውን በጨው አጥበው መዋሸታቸው! ግን አንዳቸውም፣ አንዳቸውም ጽሑፉን ከፍተው አላነበቡትም። ወንድሜ እንኳ በጆሮው ሰማው እንጂ ጓደኛው አፍ ውስጥ አንዲት መስመር አልከተተለትም። የሚወዱኝ ሰዎች ሁሉ ለእኔ ሲሉ ሁሉን ነገር ያደርጋሉ፤ ከማንበብ በስተቀር።

ከሰዓት በኋላው ረዘመ። ገዢ መጣ፣ ገዢ ሄደ። ስለ ጽሑፉ ትንፍሽ ያለ የለም። መብራቱ መንገዱ ላይ ሲበራ ሚኒስትሩ የሱቁን ቆርቆሮ መዝጊያ ግማሹን ጎትቶ አወረደና እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ።

«ጽሑፉ ጥሩ ነበር» አለኝ። ሲለኝ አላየኝም። «እውነቴን ነው። ከእነዚያ የሥልጣኔ ጽሑፎች ይሻላል።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።»

ኮምፒውተሬን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የከፋኝ ሥራው ብቻ ሆኖ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ብዬ ነው የጻፍኩት፤ የራሴን ውበት ትቼ፣ ያን አንድ እጁ ላይ መፍቻ የያዘ ሰው እያየሁ። እና ያ ሰው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ስሽከረከር ታየኝ።

ያን ጊዜ ግማሽ ከወረደው ቆርቆሮ ሥር መጀመሪያ አንድ ጫማ ገባ፤ ጭቅ ጭቅ የሚል፣ የረጠበ ጫማ።

«ዝግ ነው!» አለ ሚኒስትሩ።

«ዝግ ቢሆንማ ጥሩ ነበር!» አለ የታወቀ ድምፅ፤ ጎንበስ ብላ ገባች። እናቴ ናት። ከራሷ እስከ እግሯ ጠብ ጠብ ትላለች። ሻሿ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች፤ ሌላኛው እጇ ላይ የወንድሜ መፍቻ አለ። ሚኒስትሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አለች፤ እኔን እያየች። «አንቺን ነው! ‹አናቱን ወደ ግራ አዙረው ያውጡት› አላልሽም?»

«ብያለሁ...»

«አወጣሁት! እንዳልሽው ወደ ግራ አዙሬ አወጣሁት። ፏፏቴ ሆነብኝ! ጣሪያ ድረስ ነው የተረጨው። ቁም ሣጥኑ፣ ምንጣፉ፣ የአክስትሽ ጨርቅ ሁሉ ዋኝቷል። ጎረቤት በጩኸቴ ደርሶ ውሃውን ባይዘጋልኝ ኖሮ ይሄኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ተንሳፍፌ!»

ሚኒስትሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዘግተውት ነበር?»

«የቱ ላይ ነው የሚለው?» ስልኳን ከፌስታሉ አውጥታ ዓይኑ ሥር ሰነቀረችው። «ያሳዩኛ! ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መፍቻ ይላል፣ ጨርቅ ይላል፣ የጎማ ቀለበት ይላል። የቱ ላይ ነው ውሃ ዝጉ የሚለው?»

እኔና ሚኒስትሩ ስልኩ ላይ ተደፋን። ከላይ እስከ ታች ፈለግን። ክራባቱ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ዋናው መዝጊያ የለም። ሁለታችንም እኩል ወደ ጠረጴዛው ዞርን። ፎቶ ያነሳነው ናሙና ቧንቧ እዚያው ታስሮ ቆሟል፤ ደርቆ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ። እንዴት ትዝ ይበለን? እኛ የፈታነው ቧንቧ ውሃ አይቶ አያውቅም።

«ጋሼ!» አልኩ ድንገት። «ሌላ ሰው ቤትስ? ስንቱን ሰው አጥለቅልቀን ይሆን?»

ሚኒስትሩ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጦ ቁጥሩን አየ። «ከሦስታችን ሌላ ማንም አላነበበውም» አለ። «እግዜር ይመስገን!»

አንባቢ በማጣቴ ፈጣሪን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሚኒስትሩ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎት ቀስ ብሎ ቀና አለ። እናቴን ከረጠበው ሻሿ እስከ ጭቅ ጭቅ ጫማዋ ተመለከታት።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ማን ነው የላከዎት?»

«ውሃው ነዋ የላከኝ!»

«አይደለም፤ ማንም ሂጂ አላለዎትም?»

«ማን ደፍሮ ይለኛል? እኔ ሰኞ ቢሮ እንድትገባልኝ ነው የምፈልገው። እንደው ምን ስትጽፍ ነው የምትውለው ብዬ ከፈትኩት፤ ሁለት መስመር አይቼ ልዘጋው።» ድምጿ ዝግ አለ። ወደኔ አላየችም። «ከዚያ ገባኝ። እኔ ይህ ነገር በሕይወቴ ገብቶኝ አያውቅም፤ ስንቱ ሠራተኛ መጥቶ ሲያስረዳኝ አንገቴን ነቅንቄ ነው የሸኘሁት። ይሄ ግን ቁጭ ብሎ እንደሚያወራኝ ሰው ነው የሆነብኝ። የኛ ቤቱም ጠብ ጠብ ይላል፣ ለዓለም ስትጽፍ የቤቷን ሳታየው! ስለገባኝ ነው የፈታሁት። ባይገባኝ ኖሮ እነካው ነበር?»

ስለ ሥራዬ ይህን ያህል መልካም ነገር ያለኝ ሰው የለም፤ ያለችው ደግሞ እናቴ ናት፣ ያውም ልትጮህብኝ መጥታ።

ሚኒስትሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ይቺ ናት አንባቢ! ሦስት ጊዜ ያነበበች፣ መፍቻ ይዛ የመጣች! ትቀጥያለሽ!»

እናቴ ምን እንዳደረገች የገባት ያን ጊዜ ነው። «ቆይ፣ ቆይ እንጂ! እኔ አልቆጠርም። እናቷ ነኝ!»

«እናት አይቆጠርም አላልኩም። የተላከ አይቆጠርም ነው ያልኩት።»

«የደረሰብኝን ልናገር ነው እንጂ የመጣሁት ላመሰግን አይደለም!»

«እሱ ነው እኮ የሚያስቆጥርዎት። የተላኩትማ ሲያመሰግኑኝ ነው የዋሉት፣ ከጠዋት ጀምሮ።»

ኮምፒውተሬን ከቦርሳ አውጥቼ ከፈትኩ። ከሁሉም በላይ፣ ከመፍቻውም በፊት፣ «መጀመሪያ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጉ» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬ ላይ ውሃ እያንጠባጠበች ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ቆጣሪው የት እንዳለ የማያውቅ ሰውስ?» አለች። «እኔ እስከ ዛሬ በር ላይ ያለው የመብራት ይመስለኝ ነበር።»

ያንንም ጨመርኩ። «መዘጋቱን በምን አውቃለሁ?» አለች። ያንንም ጨመርኩ። «ይህቺ ቃል ከብዳለች» አለች አንዷን በረጠበ ጣቷ እየነካች፤ አቀለልኳት። ሚኒስትሩ ወንበር ፍለጋ ዞሮ ዞሮ ሲያጣ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ኮቱን ሲያወልቅ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የእናቴ ስልክ እጇ ላይ ጮኸ። አጎቴ ነው፤ ስለ ሰኞ ሊጠይቅ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከምጽፈው ላይ ሳትነቅል አዳመጠችው። ምን እንዳለ አልሰማሁም። የሷን ብቻ ሰማሁ።

«አይ፣ አትመጣም» አለችው። «ወንበሩን ለሚፈልገው ሰው ስጠው። ልጄ ሥራ ላይ ናት፤ አሁን አታስቸግራት።»